የሻጩ ፈረስ

እንጅባራ ቤት ስገዛ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አየሁ፣ የካርታውን ማኅተም ሳይቀር በጥፍሬ ፍቄ ሞከርኩ። ስለ ፈረስ ግን ማን ይጠይቃል? ሻጩ ሽማግሌ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ልጃቸው ዘንድ በገቡ በሳምንቱ ፈረሳቸው የግቢዬን በር በግንባሩ ገፍቶ ገባና ጎመኔን አጨደው። በማግስቱም መጣ። ጎረቤቶቼ ለእሱ ወገኑ። «ምን ያድርግ፣ የለመደው ቤቱ ነው» ይሉኛል፣ ካርታው በስሙ የወጣ ይመስል።

ሽማግሌው ሊወስዱት ይመጣሉ። ሲመጡ ግን ፈረሱን ዞር ብለውም አያዩት፤ የቀባሁትን ግድግዳ እያዩ ያጉረመርማሉ፣ የቀርቀሃውን አጥር ይነቀንቃሉ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከሩቅ አየኋቸው። ፈረሱን በገመድ ስበው አመጡት፣ የግቢዬን በር ራሳቸው ከፈቱ፣ ከኋላው ገፍተው አስገቡትና ከጥግ ተሸሸጉ። እኔ ገብቼ ጥቂት እንደቆየሁ በሩ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ያ እብድ ፈረስ ዛሬም መጣ?»

«እርስዎ ሲያስገቡት አይቻለሁ እኮ፣ አባባ!»

ምንም አላፈሩም።

«እንግዲህ ካየሽኝ» አሉ አልፈውኝ እየገቡ፣ «መዶሻ አምጪ፤ አጥሬ ዘሟል።»