አርብ ማታ ያልተቀበልነው ገንዘብ

ትኩስ ዳቦ ሲሸተኝ የሰባት ዓመት ልጅነቴ ይመለሳል። እማዬ በየአርቡ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ዳቦ የምትሸጠው ወንድና ሴት አብረን ለምንጸልይባት ለትንሿ የአይሁድ ጸሎት ቤታችንና ሶባ ሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን መርጃ ነበር። እምነታችንን ግን ለሰው አንናገርም።

አንድ አርብ ወደ ቤት የሚወስደንን ሚኒባስ፣ ሀፍላ፣ ስንጠብቅ ፀሐይ ገባች። አንድ ፖሊስ የተረፈውን ዳቦ አንስቶ ገንዘብ ዘረጋ። ሰንበት ስለገባ እማዬ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

«ያላ፣ ያዢ እንጂ!»

«ገንዘቡ ለሶባ ሕሙማን ነው፣ ጌታዬ። እሁድ ይሰጡኛል።»

አተኩሮ አያት። «ቤትሽ የት ነው?»

ነገረችው! እምነታችንን የደረሰበት መስሎኝ ቅዳሜን አልጋ ሥር ዋልኩ።

እሁድ በሩ ተንኳኳ፤ እሱው ነው። ገንዘቡን ሰጥቶ፣ «እናቴም ሶባ ተኝታለች» አለና ሄደ።

ዛሬ ዳቦ ሻጯ እኔ ነኝ። አርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኔ ፖሊስ ይፈልጋል፤ ፈርቼ ይሁን ናፍቄው፣ እንጃ።