ክንዱ ያጎረሰው መልስ

ክንዱ ሥራው መጠየቅ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ አጥኚዎች የገበሬውን ኑሮ ማወቅ ሲሹ ቤት ለቤት ዞሮ የሚጠይቅ ሰው ባህር ዳር ላይ ይቀጥራሉ፤ እሱ ሳይቀጠር የቀረበት ጥናት የለም። እኔ ተቆጣጣሪው ነበርኩ። የተቆጣጣሪ ሥራ ደግሞ መጠርጠር ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድመው የአንድ መንደር መልስ ከራሳቸው አመንጭተው የሚሞሉ ጉዶች ስላየሁ ማንንም አላምንም፤ ክንዱንም አላምነውም ነበር።

የሱ ሕግ አንድ ናት፤ "መልስ አታጉርስ"። ተጠያቂው ሲንተባተብ "ሁለት በሬ አለዎት አይደል?" ብሎ ከማቀበል እስኪመሽ ዝም ብሎ መቀመጥ ይመርጣል። የመራዊ መሪጌታ ልጅ ነው፤ ከአስኳላ በፊት ዳዊት ደግሟል፤ ትዕግሥቱን ከዚያ ያመጣው ይመስለኛል። እኔን ግን ምሳዬን እያስቀረ ያበሳጨኝ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ባህር ዳር አጠገብ ያለው ዘንዘልማ መንደር ገባን። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚታፈስበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት "እዚህ ቤት ስንት ወንድ ልጅ አለ?" የሚል እንግዳ ምን ዓይነት አቀባበል እንደሚጠብቀው ገምቱት። "ለጥናት ነው፤ ምስጢር ነው" እንላለን፤ ማን ይሰማናል! ውሻ ይለቁብናል።

ወይዘሮ የብርጓል ቤት ስንደርስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አዘዘ ተከትሎን ገባ። ደንቡ ተጠያቂ ለብቻው ይጠየቅ ይላል፤ ሊቀ መንበርን ውጣ የሚል ደፋር ግን በዚያ ዘመን አልነበረም። አዘዘ የመጣው በምክንያት ነው። የሴትዮዋ አንድ ልጅ አለበል ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በወባ ሞተ ተብሎ መርዶ ተነግሯል፤ መንደሩም አልቅሷል። ሬሳውን ያየ ግን የለም። ፍትሐቱንም እናቱ "መከር ይግባና" እያለች ታዘገየዋለች። አዘዘ ልጁ ሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት ባንዱ ተሸሽጓል ብሎ ጠርጥሯል።

ክንዱ በተራ ጠየቀ። መሬት፣ ከብት፣ ዘር። ከዚያ "ባለፈው ዓመት ከዚህ ቤት የሞተ ሰው አለ?" አለ።

"ልጄ አለበል" አለች አቀርቅራ።

ክንዱ ብዕሩን አስቀመጠ። አጥኚዎቹ ያላዘዙትን፣ እሱ ግን ያደገበትን ወግ አደረገ። "ነፍስ ይማር። የክርስትና ስሙ ማን ነበር፣ እናቴ?"

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች፤ ስሙን ግን አላወጣችውም። ልጄ ሞተ ብላ ላገር ስትናገር ያልከበዳት አሁን ከበዳት። አለበል ሞተ ማለት ለሰው መዋሸት ነው፤ የክርስትና ስሙን ከሙታን ጋር መጥራት ግን ለእግዚአብሔር መንገር ነው። የትኛዋ እናት ትደፍረዋለች? ፍትሐቱም የዘገየው ለዚሁ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አዘዘ ከተደገፈው ምሰሶ ቀና አለ። "ምነው የብርጓል? ያንድ ልጅሽ ስም ጠፋሽ?"

ክንዱን አየሁት። ምን እንዳደረገ ገብቶታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ተክለ ጊዮርጊስ" አለ ድንገት። "በር ላይ ነግረውኝ እኮ እኔው ረስቼው ነው። ተክለ ጊዮርጊስ አላሉኝም?"

"አዎ፤ እሱ ነው" አለች በቀስታ።

በር ላይ ማንም ምንም አላለም። አዘዘ ወደኔ ዞረ። "ተቆጣጣሪው፣ እውነት ነው?"

"እኔም ሰምቻለሁ" አልኩት። ማንንም የማላምን ሰውዬ የሐሰት ምስክር ሆኜ አረፍኩት።

"እንግዲያ እሑድ ይፈታ። እኔም እገኛለሁ" ብሎ ወጣ።

መንገድ ላይ ሴትዮዋ ሮጣ ደረሰችብን። ልታመሰግን መስሎኝ ነበር፤ ምስጋና የለ፣ ሰላምታ የለ።

"ማን ልኮህ ነው?" አለችው። "በልጄ ምን ልታደርግ ነው? ያን ስም ከየት አመጣኸው?"

"የኔ የራሴ የክርስትና ስም ነው። ሌላ አልመጣልኝ አለ፤ አጣሁ።"

ቆማ አየችው። "እናት አለችህ?"

"መራዊ አለች።"

"ይኸን ትሰማለች?"

"አትሰማም።"

ነጠላዋን አጣፍታ ተመለሰች።

እሑድ ክንዱ ለፍትሐቱ ሄደ፤ እኔም በሞኝነቱ እየተናደድኩ ተከተልኩት። ዕድሜ የጠገበ ሰው ቁም ተዝካሩን ቢያወጣ ወግ ነው፤ ጎልማሳ በቁሙ የራሱን ፍትሐት ሲሰማ ግን አይቼ አላውቅም። ፍትሐቱን የሚያደርሱት ቄስ አለበልንም ያጠመቁት ነበሩ፤ ስሙ የሌላ ሰው መሆኑን ያውቃሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ፈቱ። "ተክለ ጊዮርጊስ" ባሉ ቁጥር ክንዱ ያማትባል።

ያኔ ወይዘሮ የብርጓል ጮኸች። በመርዶው ቀን ዕንባዋ ጠብ አላለም ብለው ያሟት ነበር። ዛሬ ደረቷን እየደቃች፣ ፊቷን እየነጨች ስታለቅስ ሴቶቹ ይዘው አልቻሏትም። አዘዘ ባርኔጣውን አወለቀ። "ለካ እውነትም ሞቷል" አለ አጠገቡ ለቆመው ሰው።

እሷ ግን ዓይኗን ከክንዱ ላይ አልነቀለችም። ያለቀሰችው ለሱ ነበር፤ መራዊ ቁጭ ብላ ምንም ባልሰማችው እናቱ ፈንታ።