ለግራ እጅ የምትሆን ካውያ

ወይዘሮ ማልሱንን «እጅዎ ይባረክ» ያላቸው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር። «እጄን ተወውና ጨርቁን ገልብጠህ እየው» ይሉ ነበር። የሳቸው ስፌት ጀርባውና ፊቱ አይለይም። በሁለት ጨርቅ መሃል ስስ ጥጥ ያነጥፉና ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር፣ በሰሊጥ ፍሬ ልክ እየወጉ ይሰፉታል። በቶንግዮንግ ወደብ ይህ ሥራ ኑቢ ይባላል። ወይዘሮ ማልሱን ከወደቡ በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ በዚያች ጠባብ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰደርያና የሕፃን ማዘያ ሰፍተዋል።

የልጃቸው ሚስት ናምሂ መርፌ ይዛ አታውቅም። እሷ ሥራዋ ታች ባሕሩ ዳር ለምግብ የሚሆነውን ሥጋ ከዛጎል መፈልቀቅ ነው። ሃያ ዓመት ከአማቷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር ስለ ስፌት የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መሬት ላይ የተዘረጋ ጨርቅ እንዳትረግጥ። ግን ማየት ትወድ ነበር። በተለይ መተኮሱን። አማቷ አውራ ጣት የምታህል ምላስ ያላትን፣ እጀታዋ ረዥም የሆነ ቀጭን ብረት ከከሰሉ አመድ ውስጥ ይመዝዙና ወደ ጉንጫቸው ጠጋ አድርገው ሙቀቷን ይለካሉ። ከዚያ በሁለት ስፌት መሃል ሲስቧት ጨርቁ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ብድግ ይላል።

በየካቲት አንድ ማለዳ ወይዘሮ ማልሱን እዚያው ምድጃው አጠገብ ወደቁ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ሦስት ወር ሆስፒታል ተኝተው በከዘራ እየተራመዱ ተመለሱ። ቀኝ እጃቸው ግን አብሯቸው አልተመለሰም። ጣቶቹ ይዘረጋሉ እንጂ አይጨብጡም። ልጃቸውም ፈርቶ «ከእንግዲህ ከሰል እዚህ ቤት አይገባም» አለና ምድጃውን አውጥቶ ለጎረቤት ሰጠ።

ከመታመማቸው በፊት የጀመሩት ሰደርያ ነበር። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ያለውን ትልቁን የኤሌክትሪክ ካውያ በግራ እጃቸው አንስተው ሊተኩሱት ሞከሩ። ክብደቱ የእጃቸውን አንጓ አዘመመው፤ ካውያው ትልሙ ላይ ተኛና ጥጡን እንደ ቂጣ ጠፈጠፈው። ወይዘሮ ማልሱን ምንም አላሉም። ሰደርያውን አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱና ቴሌቪዥኑ ፊት ሄደው ተቀመጡ።

ናምሂን ያስጨነቃት ይህ ዝምታ ነው። እኚህ ሴት እኮ ከሬድዮ ጋር እንኳ የሚከራከሩ ሴት ነበሩ። አሁን የአየር ትንበያው ዝናብ ሲል ዝም፤ ፀሐይ ሲል ዝም።

አብራት ዛጎል የምትፈለቅቅ አንዲት ሴት፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ሥራ የምትሠራ እህቷ መዳፍ የማትሞላ ካውያ እንዳላት ነገረቻት። ናምሂ የዚያኑ ቀን ማታ እራት ላይ አነሳችው።

«እማዬ፣ እሑድ ቡሳን ከተማ እንሂድ።»

«ቡሳን ምን ጥሎብኝ?»

«ካውያ እንገዛለን። በእጅዎ ልክ የሆነ።»

«ለዚህ እጅ ልክ አይወጣለትም። ሾርባሽን ጠጪ፣ ቀዘቀዘ።»

እሑድ ጠዋት ግን ናምሂ ስትነሳ አማቷ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው በር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉልበታቸው ላይ አንድ ጥቅል ነበር። ናምሂ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ቡሳን ገበያ፣ የልብስ ስፌት ዕቃ በሚሸጥበት መተላለፊያ፣ አቶ ቦንግ የሚባል ወሬኛ ነጋዴ አምስት ትናንሽ ካውያዎች ደረደረላቸው። መጀመሪያ ያነሳው ሮዝ ቀለም ያላትን ነበር።

«እትዬ፣ ይቺን ያንሷት እስቲ፤ ላባ ናት!»

«ላባ ከፈለግኩ ዶሮ እገዛለሁ። ሰካልኝ።»

«ኧረ አዲስ ዕቃ ነው፤ ተሰክቶ አይሸጥም።»

«አንተ ሞተሩን ሳታስነሳ ጀልባ ትገዛለህ?»

አቶ ቦንግ ሳቀ። ሰካው። ወይዘሮ ማልሱን ጥቅላቸውን ፈቱ፤ ከውስጡ የወጣው ያ ሰደርያ ነበር፣ ከእርጥብ ጨርቅና ከትንሽ ጣውላ ጋር። ጣውላውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ፤ ሰደርያውን ዘረጉ፤ የማይጨብጠውን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው እንደ ድንጋይ ጫፉ ላይ ጫኑት።

ሮዟን ወደ ጉንጫቸው አስጠግተው ወዲያው መለሷት። «ወገቧ ይሞቃል፣ አፍንጫዋ በረዶ ነው። እኔ የምሠራው በአፍንጫዋ ነው።» ሁለተኛው እንፋሎት የሚረጭ ነበር፤ እርጥቡ ጨርቅ ላይ ውሃ አንጠባጠበ። «ይሄስ ይተፋል። ሐር ላይ ቢተፋ ማን ይጠርግለታል?» ሦስተኛውን ገና ከመያዛቸው ገመዱ ክንዳቸው ላይ ተጠመጠመ። «ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው» አሉና አስቀመጡት። አራተኛው ለመንገደኛ ተብሎ የሚታጠፍ ነበር፤ እጀታው እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቃል።

አምስተኛዋን አቶ ቦንግ ራሱ ሊያነሳት አልፈለገም ነበር። መልኳ አያምርም። ረዥም እጀታ ጫፍ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ብረት ተሰክቶባት ማንኪያ ትመስላለች፤ ገመዷ ከእጀታው ጭራ በቀጥታ ይወጣል።

«ይቺ እንኳን ለአሻንጉሊት ልብስ ሰፊዎች የመጣች ናት። ፈላጊ የላትም።»

«ስጠኝ።»

ወይዘሮ ማልሱን የሙቀት ቁጥሯን ሁለት ላይ አደረጉ። ጠበቁ። ወደ ጉንጫቸው አስጠጉና ሦስት ላይ አደረጓት። እርጥቡ ጨርቅ ላይ ሞከሯት፤ አልለበለበችውም። ከዚያ በግራ እጃቸው የተጠፈጠፈው ትልም ላይ አሳረፏት። ከመስመሩ ወጡ። ደገሙ፤ ወጡ። ሦስተኛ ጊዜ ናምሂ ልትይዝላቸው እጇን ስትሰድ፣ ቀና ሳይሉ «እጅሽን ሰብስቢ» አሏት። በአራተኛው የካውያዋ አፍንጫ በሁለቱ ስፌቶች መሃል ገባች። ወይዘሮ ማልሱን ትንፋሻቸውን ይዘው እስከ ታች ድረስ ሳቧት። ከኋላዋ ትልሙ ቀስ እያለ ተነሣ።

ሦስት አራት ሸማቾች ቆመው ያዩ ነበር። አንዷ ጎንበስ ብላ «ይሄንን ማን ነው የሰፋው?» አለች።

«ቀኝ እጄ ነው። አሁን ዕረፍት ወጥቷል።»

ሁሉም ሳቁ። አቶ ቦንግ ካውያዋን እየጠቀለለ «እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት ካውያ ስሸጥ ኖሬ፣ ካውያ ሲመረጥ ያየሁት ዛሬ ነው» አለ። በአውቶቡስ ሲመለሱ ወይዘሮ ማልሱን መንገዱን ሙሉ የአራቱን ካውያዎች ጥፋት ሲዘረዝሩ ናምሂ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታዳምጥ ነበር። ካውያዋን መግዛታቸው ሳይሆን ይሄ ወሬ ነበር ያስደሰታት።

ነገሩ ግን ካውያ በመግዛት አላለቀም። ካውያዋ መተኮስ ትችላለች፤ መስፋት ያለበት ግራ እጅ ነው፤ ግራ እጅ ደግሞ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ መርፌ ይዞ አያውቅም። ናምሂ ወደ ሥራ ከመውረዷ በፊት አሥራ ሁለት መርፌዎች ላይ ክር እያስገባች ትታላቸው ትሄዳለች። ስትመለስ አሥራ ሁለቱም ያልቃሉ፤ ጨርቁ ላይ ግን የሚታየው ግማሽ መስመር ነው። የቀረውን ራሳቸው ፈትተውታል።

«እማዬ፣ ምን አለበት ቢተዉት? ከሩቅ እኮ አይታይም።»

«ከሩቅማ እኔም ቆንጆ ነኝ።»

በሐምሌ ዝናብ አንድ ቀን ናምሂ ስትገባ ሰደርያው ግድግዳው ሥር ተወርውሮ፣ አማቷ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አገኘቻቸው። ሃያ ዓመት ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም፤ ባላቸው ሲቀበሩ እንኳ። እጇን ታጠበች፣ ሰደርያውን አነሳች፣ ከፊታቸው ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ጫፍና ጫፉን ይዛ ወጠረችው። በኋላ ወይዘሮ ማልሱን አፍንጫቸውን ጠረጉና «ወደ ግራ ሳቢው። እሱ የኔ ግራ ነው፤ ያንቺን ግራ ነው የምልሽ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከእራት በፊት ናምሂ ትወጥራለች፣ አማቷ ይሰፋሉ፤ በየመስመሩ መጨረሻ ካውያዋ ትሳባለች።

ሰደርያው በኅዳር አለቀ። ግማሹ የቀኝ እጅ፣ ግማሹ የግራ እጅ ሥራ ነው። የግራው ስፌት ወደ ሌላው ጎን ዘንበል ይላል፤ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያየዋል። ወይዘሮ ማልሱን አልፈቱትም።

ናምሂ ለባሏ የተሠራ መስሏት ነበር። በአንድ ብርዳማ ጠዋት ጫማዋን ስታጠልቅ አማቷ ከኋላዋ መጥተው ትከሻዋ ላይ ጣሉት።

«ከሥራ ላስቲክ ሽርጥሽ ሥር ልበሺው። ከዚያ ባሕር የሚመጣ ንፋስ ሰው ይገድላል።»

ናምሂ ቆልፋ ጨርሳ ቀና ማለት አቃታት።

«ይሞቃል?»

«ይሞቃል፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

ወይዘሮ ማልሱን ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። በግራ እጃቸው አሥራ አንድ ሥራ ጨረሱ፤ በደህና ጊዜያቸው በአንድ ክረምት የሚሠሩትን ያህል መሆኑ ነው። የዳገቱ ሴቶች ስለሳቸው ሲነሳ ያን የሃምሳ ዓመት ሥራ ያወራሉ። ናምሂ ግን የምታወራው ስለ አሥራ አንዱ ነው።