ውሃው በየት ይለፍ

ሶፋ ሠሪዋ ክረምት በገባ ቁጥር እንቅልፍ አይወስዳትም። የምትሠራው ከአባቷ በወረሰችው ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ከላይ ያለው የታላቅ ወንድሟ ድርሻ ነው። ስፖንጅ ደግሞ አመለኛ ነው። እርጥበት ካገኘ ከስር ጠጥቶ ጠጥቶ፣ ላይ ላዩን ደረቅ መስሎ ይቀመጥና ደንበኛው ሳሎን ከገባ በኋላ ጉድ ያፈላል።

ያን ዓመት የጀርባው ግድግዳ ወዝቶ ብቻ አልቀረም፤ ከወለሉ ጋር ከሚገናኝበት ውሃ ይንቆረቆር ጀመር። ግንበኛ አስጠራች። ሰውየው ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ዙሪያውን አየ።

«እትዬ፣ ሁለት መንገድ አለ» አላት። «አንደኛው ከውስጥ ውሃ በማያስገባ ሲሚንቶ መለሰን ነው። ቶሎ ያልቃል፤ ግን ውሃው ታፍኖ ይቀርና ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ሁለተኛው ከውጭ እስከ መሠረቱ ቆፍሮ ግድግዳውን ሬንጅ መቀባት፣ ከስሩም ቱቦ ቀብሮ ውሃውን ወደ ቦዩ መሸኘት ነው። ዋናው መድኃኒት ይሄ ነው።»

«በየት በኩል ነው የሚቆፈረው?»

«ከኋላ ባለችው ክፍል ነዋ። ወለሏ መፍረስ አለበት።»

ያቺን ክፍል ወንድሟ የቀጠላት ሚስቱ ታማ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ነው። ሴትየዋ ያረፈችውም እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ የክፍሏን ቁልፍ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ይህን እንዴት አድርጌ ነው አፍ አውጥቼ የምጠይቀው? አለች ሶፋ ሠሪዋ በልቧ።

«ከውስጥ ለስንልኝ» አለችው።

ለሰነው። ክረምቱ በደህና አለፈ፤ እሷም ተገላገልኩ ብላ ላገኘችው ደንበኛ ሁሉ አወራች። በሚቀጥለው ክረምት ግን ልስኑ አረፋ እያወጣ ተላጠ፤ ውሃውም በደረጃው ጥግ ብቅ አለ። ለአዲስ ሙሽሮች ያዘጋጀችው ሙሉ ሶፋ ከስር ሻገተባት። ሙሽራዋ ትራሱን አሽትታ መልሳ ስታስቀምጠው፣ ሶፋ ሠሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በማግስቱ ወንድሟ ዘንድ ወጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ የኋላዋን ክፍል… ወለሏን ማፍረስ ሊኖርብን ነው» አለችው።

ይዟት ወደ ጓሮ ወረደና ክፍሏን ከፈተ። የሻጋታው ሽታ ቀድሞ ተቀበላት። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ከግድግዳው ግን ፈቀቅ ብሏል። የሟቿ ሹራብ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። የግድግዳው ግርጌ ጠቁሯል፤ ጥጉ ላይ እርጥብ መወልወያ ቆሟል።

«ውሃው አንቺም ጋ ይገባል እንዴ?» አላት። «እኔስ የኔ ጉድ ብቻ መስሎኝ በየጠዋቱ እወለውላለሁ።»

«ታዲያ እናስቆፍረዋ! ላንተም ይበጅሃል።»

«እንደሚበጀኝ አጥቼው ነው?» ሹራቡን አንስቶ አጣጠፈና መልሶ አስቀመጠው። «ግን አልችልም፣ እህቴ። እዚህ ዶማ ሲገባ ቆሜ ማየት አልችልም። ከፈለግሽ ተቀየሚኝ።»

ወደ እሱ ስትወጣ ተናድዳ ነበር። አሁን ግን ንዴቱ የት እንደገባ እንጃ። «እሺ» ብላ ተመለሰች።

ግንበኛው ይህን ሲሰማ ራሱን አከከ። «እንግዲያው ውሃውን ማገዱ ይቅርና ገብቶ ይውጣ» አለ። በግድግዳው ግርጌ ከውስጥ ቦይ ቀደደላት፤ መጨረሻው ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ፓምፕ አስቀመጠ።

«ወለልዎ ይደርቃል፤ ግድግዳው ግን እንደራሰ ነው የሚኖረው። እርጥበቱ ዓመት ከዓመት ይበላዋል። ኋላ አልነገረኝም እንዳይሉ።»

«ነግረኸኛል» አለችው።

አሁን ጠረጴዛዋን ወደ መሃል ስባ፣ ተጣብባ ትሠራለች። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። መብራት ሲጠፋ ፀጥ ይላል፤ ያኔ ወንድሟ ከኋላዋ ክፍል ሆኖ «ቆመ እኮ! ሰማሽ?» ብሎ ይጣራል። ወርዶም አጠገቧ ጎንበስ ብሎ ውሃውን በጣሳ አብሯት ይቀዳል። ስለ ክፍሏ አንዳቸውም አያነሱም። ሰሞኑን ግድግዳው ላይ፣ ከጣሪያው ስር፣ አዲስ ስንጥቅ አይታለች፤ ለወንድሟ ግን እስካሁን ትንፍሽ አላለችም።