አባባ ቆሼ የሄደ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ወልቂጤ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ በርበሬ ሲፈጭ አፍንጫዬን ከነከነኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከጎኔ የነበረችው የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ፣ ቤት ተቀምጦ በኢንተርኔት የሚሠራ የትርጉም ሥራ እንዳገኘች ነገረችኝና እውነት ይሁን አይሁን ጠየቀችኝ። አስተማሪ ስለሆንኩ ሁሉን የማውቅ ይመስላታል። እውነተኛ ሥራ ሰጪ ከሠራተኛው የመመዝገቢያ ገንዘብ እንደማይጠይቅ፣ ለሙከራ አንድ ገጽ እንጂ ሙሉ መጽሐፍ እንደማይሰጥ፣ መታወቂያዋንም ለማታውቀው ሰው እንዳትልክ መከርኳት። ይህን ሁሉ የተማርኩት ከታናሽ እህቴ ከሐያት እንባ መሆኑን ግን አልነገርኳትም። በርበሬው ይሁን ነገሩ፣ ዓይኔን እየጠረግሁ በሐሳቤ ቡታጅራ አባታችን ቤት ገባሁ።

አባባ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ቤታችን ከፊት ሱቅ ከኋላ መኖሪያ ሆኖ፣ መካከሉ ላይ የማረቆ በርበሬ በጆንያ እስከ ጣሪያው ይደረደር ስለነበር፣ እኛ ልጆቹ እያስነጠስን አደግን ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ትምህርት ቤት ደብተራችንን ስንገልጥ ከፊታችን የተቀመጠው ልጅ ሳይቀር ያስነጥስ ነበር። የማይታወቅ ገዢ ሲመጣ አባባ ስለ ዋጋ ትንፍሽ አይልም። ከጆንያዎቹ አጠገብ ያስቀምጠውና ምሳ አቅርቦለት፣ ረጋ ብሎ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ አባቱን ሲነግረው አያቱን፣ አያቱን ሲነግረው የእናቱን ወገን እያለ ይወርድና፣ የሚያውቀው ስም ላይ ሲደርስ ፊቱ ይፈታል። የሚያውቀው ስም ካጣ በመኪና ሹፌር ወደ ሰውየው አገር መልእክት ይልካል፤ መልሱም በሚቀጥለው ገበያ ይመጣል። እኛ ግን ውሸታሙን የሚለየው በርበሬው ነው ብለን እናምን ስለነበር፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቀን ማን እንደሚያስነጥስ እንጠብቃለን። አንድ ቀን ቁርአን የሚያስቀሩን ሼህ መጥተው ደጋግመው ቢያስነጥሱ፣ ብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ስናያቸው ከረምን።

ልጁን አዲስ አበባ ሱቅ የሚልክ፣ ሴት ልጁን የሚድር ሁሉ አባባን ሳያማክር አይወስንም ነበር። ሲሳሳት አላየሁም። ከወዳጆቹ ሁሉ አብልጦ የሚወዳቸው ማረቆ ውስጥ ያለችው የቆሼ ገበሬ ጋሽ ኑሪ ነበሩ፤ የዓመቱን የመጀመሪያ በርበሬ ለእሱ፣ ሸንኮራ አገዳ ለእኛ ይዘው ሲመጡ፣ ሁለቱ ሲስቁ የሚሰማው እስከ አስፋልቱ ድረስ ነበር። ያ ሳቅ አሁንም ይናፍቀኛል።

ሐያት የተወለደችው እኛ ሁላችን ካደግን በኋላ ስለሆነ፣ የአባባ የእርጅና ልጅ ነበረች። ጉራጊኛው፣ ስልጥኛው፣ አማርኛው፣ እንግሊዝኛው፣ ከመድረሳ የያዘችው ዓረብኛም ሳይቀር ከአፏ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ አጥታ እቤት ስትቀመጥ፣ አንድ ወጣት በቴሌግራም አገኛትና ወፍራም የጤና መጽሐፍ እንድትተረጉምለት፣ ሲያልቅ እንደሚከፍላት ነገራት። ፈራች። ስልኩን ለአባባ ሰጠችው። አባባም እንደ ልማዱ አባቱን፣ አያቱን ጠየቀ፤ ወጣቱ በገዛ ጉራጊኛችን፣ የቆሼው የኑሪ የልጅ ልጅ ነኝ ሲለው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሥሪ ልጄ» አላት። «የኑሪ ዘር አይዋሽም።»

ክረምቱን ሙሉ ሠራች። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፗን ሻርፕ ውስጥ ጠቅልላ፣ ጭቃውን እየረገጠች ጀነሬተር ያለው ሆቴል ትሄዳለች፤ ለበሽታ ስም አማርኛ ሲጠፋት ለእኔ ትደውላለች፣ ስታገኘው እንደ ሕፃን ትስቃለች። የመጨረሻውን ምዕራፍ በላከችለት ማግስት የወጣቱ ስልክ ተዘጋ፣ ቴሌግራሙም ጠፋ።

አባባ አንድ ተስፋ ነበረው፤ ሌባ የወዳጁን ስም ሰርቆ ይሆናል። ይህንኑ ለማጣራት ቆሼ ሄደ። በእኛ ዘንድ ተበድሎ የመጣ ሰው በደሉን ሳይናገር እህል አይቀምስም፤ ከቀመሰ ይቅር ብሏል ማለት ነው። ጋሽ ኑሪ ዓይናቸው ፈዞ፣ አባባን በድምፁ ለይተው አቀፉት። ገና ሳይቀመጥ አዲሱን ቆርቆሮ ጣሪያ በጣታቸው እያሳዩ፣ የልጅ ልጃቸው አዲስ አበባ በኮምፒዩተር መጽሐፍ እያስተረጎመ እንደሚጦራቸው፣ አላህ በእርጅናቸው እንደካሳቸው አወሩለት። ከዚያ ክትፎ ቀረበ።

ሲመለስ እኔም ለእረፍት መጥቼ ነበር። ሐያት በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ልጁ የእነሱ ነው?»

«የእነሱ ነው።»

«ነገርካቸው?»

አባባ ጫማውን ለማውለቅ ብዙ ቆየ።

«ቤታቸው በልቼ ወጣሁ» አላት።

ሐያት እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አቀረበችለት። ያ ዓመት ሳያልቅ ጅዳ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ሊያማክሩት ሲመጡ አባባ፣ የዘንድሮን ነገር ልጆች ይወቁት እያለ ይሸኛቸው ነበር፤ ቀስ በቀስም የሚመጣ ጠፋ። በርበሬውንም ተወው። ቤቱ ሽታ አልባ ሆነ፤ አባባ ከዚያ በኋላ የኖረው ኑሮ ሳይሆን ሞቱን መጠበቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሲሞት ሐያትን አሰሪዎቿ አልለቀቋትም። ለቅሶው ላይ ጋሽ ኑሪ አሁን ጎልማሳ በሆነው በዚያ የልጅ ልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ፤ እንደ ሕፃን እያለቀሱ፣ እንዲህ ያለ ወዳጅ ከእንግዲህ አይገኝም አሉ። እውነታቸውን ነው። ጎልማሳው አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። ምግብ ሲዞር ሳህኑን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ሁለቱም በሉ።

ማታ ሐያት ደውላ ማን ማን እንደመጣ ጠየቀችኝ። የሁሉንም ስም አንድ በአንድ ጠራሁላት፤ የእነሱን ዘለልኩት።