ለእህቷ ሠርግ ባዳ የቀጠረችው

ታላቋ ልጅ የሠርግ አዘጋጅ ናት። ዕድሜዋን የሰው ልጅ ስትድር ኖራለች። ታናሽ እህቷ የታጨች ዕለት ታዲያ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አዘጋጅ ከቤት እያለ ማን ከውጭ ይፈልጋል?

እሷ ፈለገች። በሙያው የምትፎካከራትን፣ አበባ ሻጮቹ «ኮስታራዋ» የሚሏትን ሴት ሄዳ ቀጠረች። ሙሉ ዋጋውንም ከገዛ ኪሷ ከፈለች።

«ወይ ጉድ!» አለች እናት። «በነፃ የምትሠሪውን በገንዘብ? ያውም ለባላንጣሽ?»

«በነፃ ከሠራሁት እኮ እህቴ ስትዳር አላያትም፣ እማዬ። ከጓዳ ጓዳ ስሮጥ ቀኑ ያልፈኛል።»

«ብትሮጪስ? ወንበርና አበባ ለመደርደር ይኼ ሁሉ ይከፈላል?»

ይህቺ ቃል ታላቋን አስከፋቻት። እናት ክፉ ሆና አይደለም፤ ልጇ ስትሠራ አይታ አታውቅም። አይታም ቢሆን ምን ልታይ? ምንም ሳይበላሽ ያለፈ ሠርግ ለተጋባዡ በራሱ ያማረ ነው የሚመስለው።

ኮስታራዋ ሥራውን ስትቀበል አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀቻት። «የዚያን ቀን እህት ነሽ። ተነስተሽ አንዲት ሹካ ብታቃኚ ተቀያየምን!»

ቀኑ ደረሰ። ነጩ መጋረጃ መስኮቱ ላይ ሲነሳና ሲወድቅ አዳራሹ ራሱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ታላቋ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። እጇ ግን አላርፍ አላት። የጠረጴዛውን ልብስ ልታቃና ትዘረጋዋለች፤ የኮስታራዋ ማስጠንቀቂያ ትዝ ሲላት ትሰበስበዋለች። በስንት ሠርግ ላይ የቆመች ሴት፣ ሙሽራ ስትገባ ፊቷ ምን እንደሚመስል ተቀምጣ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። የእህቷ ፊት ያበራል። የታላቋ ዕንባ መጣ።

ወዲያው ደግሞ አጎት ብድግ አለ።

አጎት ደግ ሰው ነው፤ ማይክ የያዘ ዕለት ግን አያድርስ። በአክስት ልጅ ሠርግ ላይ ንግግሩን ከሙሽራዋ ልደት ጀምሮ ገና ትምህርት ቤት ሳያስገባት ምሳው በረደ፣ ሙሽራው አንቀላፋ። ታላቋ ስለ እሱ ለኮስታራዋ መንገር ረስታለች። ልትነሳ ወንበሩን ገፋች፤ ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ቁጭ አለች።

ኮስታራዋ ራሷ ማይኩን ይዛ ወደ አጎት ሄደች። «ጋሼ፣ እርስዎን ነበር የምንጠብቀው። እርስዎ ‹ጀምሩ› ካላሉ ሙዚቃ የለም።»

አጎት ዞር ሲል ከበሮ መቺው ዱላውን አንስቶ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሙሽሮቹም መሐል ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጠብቁታል። እንዲህ ተጠብቆ አያውቅም። ደረቱን ነፍቶ ማይኩን ተቀበለ። «ልጆቼ... ደስ ብሎኛል። ጀምሩ!»

አዳራሹ ቀለጠ።

እናት አፏን ያዘች። «ለካስ ለዚህ ነው! ይቺ ሴትዮ ደውላ ‹በቤተሰባችሁ ሠርግ ምን ተበላሽቶ ያውቃል?› ስትለኝ፣ የአጎትሽን ነገር አንስቼላት ስንስቅ ነበር። እኔ ወሬ መስሎኝ!» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺም እንዲህ ትጠይቂያለሽ?»

«ሁሌም። ከአበባው በፊት።»

እናት የልጇን ፊት ትክ ብላ አየችው፤ አዲስ ሰው ያስተዋወቋት ይመስል።

ከጎናቸው የተቀመጠችው የሙሽራው አክስት ጠጋ አለች። «እህቴ፣ ይቺ አዘጋጅ ስንት ብታስከፍል ነው?»

«ብዙ ነው» አለች እናት ቀና ብላ። «ሲያንሳት ነው! እኔም አንድ አለችኝ፣ ይቺውልሽ፣ የበኩር ልጄ ናት። ልጅሽን ስትድሪ ነይ። ብቻ ዋጋ ቀንሺ እንዳትያት፤ እጣላሻለሁ!»

«እትዬ! ነይ እንጂ!» ስትል ሙሽራዋ ከመሐል ተጣራች።

ታላቋ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ ወደ እህቷ ሮጠች። እናት ከኋላዋ ስለ ልጇ ሙያ ለጠረጴዛው ሁሉ ትናገራለች፤ ድምፅዋ ከሙዚቃው በላይ ይሰማል።