ቢራራ ሳይመረጥ የቀረበት ዓመት

መምህር ቢራራ ዳባት ከተማ ባዮሎጂ ሲያስተምር ሰው ሁሉ የሚያውቀው በጅብራ ፍቅሩ ነበር። ትምህርት በሌለ ቁጥር ወደ ሰሜን ተራሮች ይወጣና ያንን ውርጭ የማይበግረውን ረጅም ተክል ሲለካና ሲያገላብጥ ይውላል። «ይኼን ሰው ቅጠል አሳበደው» የሚሉ ነበሩ። አላበደም። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ገብቶ ማስተርሱን በዕፅዋት ማጥናት። ጅብራ ብርዱን እንዴት እንደሚችለው ሳያውቅ ቢሞት የሚቆጨው ይመስለው ነበር።

በደርግ ዘመን ማስተርስ ለመግባት ፈተና ማለፍ ይበቃል ብሎ የተነሣ ሰው የዋህ ነው። የዲግሪ ውጤት ይታያል፣ የመግቢያ ፈተና አለ፣ የመሥሪያ ቤት ድጋፍ አለ። ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ማጣራት የሚሉት ጣጣ ይመጣል። የአውራጃው ኮሚቴ አመልካቹ እስከተወለደበት ቀዬ ድረስ ሰው ይልካል፤ ጤናውን፣ ጠባዩን፣ ለአብዮቱ ያለውን ስሜት ያስጠይቃል። ፕሮፌሰሮቹ መርምረው ያሳለፉትን ሰው፣ ጅብራ ይሁን ጎመን የማይለይ ካድሬ ቁጭ ብሎ ይሰርዘዋል። ቢራራ ይህን ያውቃል፤ ግን አልሰጋም። የተወለደባት መንደር ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር ሲወጡ ከመንገዱ ዝቅ ብላ ያለች ናት፤ እዚያ ክፉ የሚያወራበት ሰው አልነበረም።

ከክፍለ ሀገሩ ከተፈተኑት ሁሉ በልጦ አለፈ። ወሬው የደረሰው ዕለት ማስተማር አቅቶት ተማሪዎቹን ቀደም ብሎ ለቀቃቸው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀልም አለፈ፣ የሚጠራው ጠፋ። ቢጨንቀው ደባርቅ ሄዶ የአውራጃውን የትምህርት ኃላፊ ጓድ ገሠሠን ጠየቃቸው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ዓይኑን ማየት ከበዳቸው።

«ለምን ደበቅኸን? በሽታ እኮ ነውር አይደለም» አሉት።

«የምን በሽታ?»

«የሚጥል በሽታህን ነዋ። ያገርህ ሰው በሙሉ ተናግሯል፤ ቄሱም መስክረዋል። ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። ለከርሞም አትድከም፤ አንዴ ጤና ጎደሎ የተባለ ሰው ስሙ ተመልሶ አይነሣም።»

ቢራራ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም። ጉንፋን እንኳ ብዙ አይዘውም። ከቢሮው ወጥቶ በእግሩ ወደ መንደሩ ገሠገሠ። ይህን ያደረገበትን ጠላት አንገቱን ሊያንቀው ቆርጧል፤ መንገዱን ሙሉ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ሲጠረጥር ሄደ።

እናቱ ጤናዬ ደጃፉ ላይ ገብስ ታሰጣለች። የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሩፋኤል ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ማን ነው በሽተኛ ነው ያለኝ ብሎ ጮኸ።

እናቱ ሳቀች። «እኔ ነኝ እንጅ፣ ሌላ ማን ይልልሃል ልጀ!»

ሁለት ሰዎች በበቅሎ መጥተው፣ ከቅዳሴ የወጣውን ሰው አስቁመው ስለ ቢራራ ጠይቀው ኖሯል። ለከፍተኛ ትምህርት ነው ብለዋል።

«ለትምህርት ነው አሉኝ» አለች ጤናዬ። «ወንድምህን አሻግሬንስ ለስብሰባ ነው ብለው አይደለም ወይ ደባርቅ ጠርተው በመኪና የጫኑብኝ? ይኸው ኤርትራ ገባ አሉ፣ ድምጡ ጠፋ። ብዕር ይዞ የሰው ልጅ የሚጠይቅ ለደግ መጥቶ ያውቃል? መሬት ወደቅሁና ልጄን ይጥለዋል፣ ብቻውን ወንዝ አይሻገርም ብየ አለቀስሁ።»

የመንደሩ ሰው ነገሩ ወዲያው ገብቶታል። አንዱ እሳት ላይ ወድቆ አወጣሁት አለ፤ ሌላው አረፋ ሲደፍቅ አይቻለሁ አለ። ሰዎቹ ግን አላመኑም፤ ወደ አባ ዞሩ።

«ጠበል የማጠምቀው እኔ ነኝ አልኋቸው» አሉ አባ። «መስቀሌን ይዠ። ዕድሜየን ሙሉ በሐሰት ምየ አላውቅም ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ንስሐየን ጀምሬአለሁ። ምን ላድርግ ልጄ፣ አሻግሬን እኔው ነኝ ባርኬ የሸኘሁት።»

ቢራራ የሚያንቀው ጠላት ፈልጎ ነበር የመጣው። ደባርቅ ተመልሶ ሐሰት ነው ቢል፣ አባ መንግሥትን አታለዋል ተብለው ይታሰራሉ፤ እሱም ጤነኛነቱ ሲታወቅ ለጦሩ ቢፈለግ የሚያስጥለው የለም። ለእናቱ እውነቱን መንገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ገብሱ አጠገብ ተቀመጠ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ተስፋ ቆርጦ አያውቅም።

«ተውህ እንግዲህ? ተመልሰው አይመጡም?» አለችው እናቱ።

«ተውኝ እማየ። ከእንግዲህ አይመጡም።»

ጤናዬ ይህን ቃል ነበር ስትጠብቅ የከረመችው። ሰዎቹ የመጡ ዕለት፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ብላ ለኪዳነ ምሕረት ድባብ ተስላለች። በጥቅምት ኪዳነ ምሕረት ድባቡን አስገዝታ፣ የተረፈው ራሱ ይዞ ካልቀረበ ስለቱ አይሰምርም አለች። ቢራራም ነጠላውን አደግድጎ፣ ድባቡን ይዞ ከሕዝቡ ፊት ቆመ። እንደ ወጉ፣ የተደረገለትን ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት።

«ሊወስዱኝ ነበር፤ ኪዳነ ምሕረት አስቀረችኝ» አለ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እናቱ ከሁሉም በላይ እልል አለች። ቢራራ እንባውን መቆጣጠር አልቻለም፤ ያየው ሰው ሁሉ የደስታ ነው አለ።